ራስን መስጠትና ሌላውን መስጠት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሰው ስለ ወዳጆቹ ራሱን አሳልፎ ከመስጠት የሚበልጥ ፍቅር እንደሌለ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ስለ ጓደኞቹ ሲጎዳ ባየን ቁጥር «ይህ መሥዋዕትነት ነው» ብለን አመስግነን ማለፍ ይገባናልን? ወይስ በዚህ ክቡር ስም የሚሸፈን ሌላ ነገር አለ? ጥያቄውን ለመመርመር ከእኛ ርቆ የሚገኝ አንድ ሙያ መርጠናል፤ ይኸውም በደመወዝ የሚተዳደር የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ሙያ ነው። ሩቅ የመረጥነው ያለ ወገንተኝነት ለማሰብ እንዲመቸን ነው።

የበረዶ ሆኪ በልደት በዓል ከምንጫወተው ገና ጋር ይመሳሰላል። እንደ ገና ሁሉ ጫፉ በጎበጠ በትር ይጫወቱታል። ልዩነቱ ሜዳው የረጋ በረዶ፣ ጫማው ከሥሩ ስለታም ብረት ያለው፣ የሚመታውም ከጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ መሆኑ ነው። በገና ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል ይሰለፋሉ፤ የሎሌው በትር ቢያርፍበትም ጌታው አይቆጣም ይባላል። በካናዳና በአሜሪካ ግን ቁጣው ራሱ ሥራ ሆኖ ኖሯል። በ1917 በሞንትሪያል በተመሠረተው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ተጫዋቾች ጓንታቸውን ጥለው በቡጢ ቢደባደቡ ቅጣታቸው ለአምስት ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ መቀመጥ ነው። ዳኞቹም ብዙውን ጊዜ አንዱ እስኪወድቅ ወይም ሁለቱም እስኪደክሙ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚህ የተነሣ ለረጅም ዘመን እያንዳንዱ ቡድን ማለት ይቻላል አንድ «ጠባቂ» ያቆም ነበር። ጠባቂው ግብ እንዲያገባ አይጠበቅበትም፤ ጎበዙን ተጫዋች የነካ ሁሉ ከእርሱ ቡጢ እንደማያመልጥ ማሳወቅ ነው ሥራው።

ከእነዚህ ጠባቂዎች አንዱ በ1982 በካናዳ፣ በሳስካቱን ከተማ የተወለደው ዴሪክ ቡጋርድ ነበር። ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል ነበር። በጉርምስናው አንድ ቀን በጨዋታ መካከል ተቆጥቶ የተቃራኒው ቡድን ተጫዋቾች ከተቀመጡበት ዘልቆ ሲደባደብ መልማዮች አዩት፤ የተመረጠውም በዚሁ ነው። ከ2005 ጀምሮ ለሚኒሶታ ዋይልድ ተሰለፈ፤ በ2010 ደግሞ ኒው ዮርክ ሬንጀርስ በአራት ዓመት 6.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተዋዋለ። በ277 የሊግ ጨዋታዎች ያገባው ግብ 3 ብቻ ሲሆን፣ በቅጣት የተቀመጠው ግን 589 ደቂቃ ነው። ተመልካቹ እጅግ ይወደው ነበር፤ ጓንቱን ሲጥል ሁሉም ከመቀመጫው ይነሣ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭርና አሳዛኝ ነው። አፍንጫው፣ ትከሻው፣ የእጆቹ አጥንት ተጎዳ። ለሕመሙ የታዘዙለት ክኒኖች ቀስ በቀስ ገዢዎቹ ሆኑ። በታኅሣሥ 2010 በኦታዋ ባደረገው ጠብ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ፤ ዳግመኛም አልተሰለፈም። በግንቦት 2011 አልኮልና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ተቀላቅለውበት በ28 ዓመቱ ሞተ። ቤተሰቡ አንጎሉ ይመረመር ዘንድ ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ሐኪሞቹም በተደጋጋሚ ምት የሚመጣውን፣ ከሞት በኋላ ካልሆነ በእርግጠኝነት የማይታወቀውን የአንጎል በሽታ አገኙበት፤ ለዕድሜው እጅግ የገፋ እንደ ነበርም ገለጹ። ከባሕርዩ መለወጥ የቱ የበሽታው፣ የቱ የክኒኑ እንደ ሆነ ለይቶ መናገር እንደማይቻልም አልሸሸጉም።

እንግዲህ ይህ ሰው ራሱን ስለ ወዳጆቹ ሰጠ እንበልን?

አንዳንዶች «ፈቅዶ ገባ፤ በቂ ገንዘብም ተከፈለው፤ ምን አገባን?» ይላሉ። ነገር ግን ፈቃድ ማለት ምን እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። ሕልሙን ለመፈጸም ከቡጢ በቀር ሌላ በር ላልተከፈተለት የ16 ዓመት ልጅ «ምረጥ» ማለት በእውነት ማስመረጥ ነውን? ደመወዝም የድካም ዋጋ እንጂ የሰው አንጎል ዋጋ ሊሆን አይችልም።

ሌሎች ደግሞ «ጠባቂ ባይኖር ጎበዞቹ ይበልጥ ይጎዱ ነበር» ይላሉ። ይህን ክርክር አንንቀውም፤ ፍርሃት አንዳንድ ጊዜ ክፉውን ይገታል። ይሁን እንጂ በኦሊምፒክ የሆኪ ውድድር የተደባደበ ሰው ከጨዋታው ይባረራል፤ ጨዋታውም በዚህ አልፈረሰም። በ2023 የኩቤክ የወጣቶች ሊግ የተደባደበ ሁሉ ወዲያው ከሜዳ እንዲወጣ ወስኗል። በትልቁ ሊግም ጠቡ ከቀድሞው በእጅጉ ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ደካማውን ለመጠበቅ ሕግና ዳኛ እያለ አንድን ሰው በቡጢ ፊት ማቆም ግዴታ ሳይሆን ምርጫ ነበር ማለት ነው። የመረጡትም ሌሎች ናቸው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቀያፋ ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል ብሎ መከረ። ጌታችን ደግሞ ስለ ሁሉ ሞተ። ላይ ላዩን ሲያዩት ሁለቱም ስለ አንድ ሰው መሞት ነው። ነገር ግን ቀያፋ የሰጠው የራሱን ሳይሆን የሌላውን ነፍስ ነው፤ ጌታችን ግን የራሱን ሰጠ። መሥዋዕትነት የሚባለው ሰው ከራሱ ቆርሶ ሲሰጥ ነው፤ ከሌላው ቆርሰን ስንሰጥ ስሙ ሌላ ነው። ቡጋርድ ጓደኞቹን በእውነት ወድዶ ሊሆን ይችላል፤ ልቡን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ በእርሱ ላይ ለመፍረድ አልተነሣንም። የእርሱ ፍቅር ግን የባለቤቶቹን፣ የአሠልጣኞቹንና የተመልካቹን ዕዳ አይከፍልም።

ስለ ተመልካቹም አንድ ነገር እንበል። ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ ሲወገር ሳውል ድንጋይ እንደ ወረወረ አልተጻፈም፤ የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ ነበር። ጳውሎስ ከሆነ በኋላ ግን «እኔ አልወረወርኩም» ብሎ አላመካኘም፤ በሞቱ ተስማምቼ ነበር ብሎ ተናዘዘ እንጂ። ትኬት ቆርጦ ተነሥቶ የሚያጨበጭብም ልብስ ጠባቂ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በረዶው ሩቅ ቢሆንም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በየሰፈራችንና በየትምህርት ቤታችን ጉልበቱን የምናሞግስለት፣ እኛ ልንለው የፈራነውን የምናስብለው፣ እኛ ልንገባበት ያልደፈርነውን ጠብ የምንልክበት ወንድም አለ። «እርሱ ጀግና ነው፤ እርሱ ይችላል» እንለዋለን። ሲታሰር ወይም ሲቆስል ደግሞ «ድሮም ጠበኛ ነበር» ብለን እንሸሸዋለን። ቃየል የወንድሜ ጠባቂ እኔ ነኝን ብሎ ጠየቀ፤ እኛ ደግሞ ወንድማችንን የእኛ ጠባቂ አድርገን ካቆምነው በኋላ እርሱን የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ እንቀራለን።

ስለዚህ አንድን ሰው ስለ እኛ ስለ ተጎዳ ከማመስገናችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ጉዳቱን ልናስቀርለት እንችል ነበርን? ከወደቀስ በኋላ ቤቱ ሄደን ጠይቀነዋልን? የሁለቱን መልስ እያንዳንዳችን በጸሎት ጊዜያችን እንመርምር።

አምላከ ቅዱስ እስጢፋኖስ የወንድማችንን ቁስል የምናይበት ዓይነ ልቡና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።