እንግዳ በየትኛው ወር ይምጣ?

ሰው አገር ለማየት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ብሄድ ይሻለኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው የመንገደኛ ጥያቄ ይመስላል፤ ስለ ልብስና ስለ ጫማ፣ ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ። ይሁንና ጠጋ ብለን ስንመረምረው በውስጡ ሌላ ጥያቄ ተሸሽጎ እናገኛለን። ይኸውም የተሻለ የተባለው ወቅት የሚሻለው ለማን ነው? ለሚያየው ነው ወይስ ለሚታየው?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው። ምዕራብ ጎጃምን ለማየት የሚሻ ሰው ከመስከረም መገባደጃ እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት ይምጣ። ያኔ ሰማዩ ጠርቷል፤ መንገዱ ደርቋል፤ የኑጉ አበባ ማሳውን በቢጫ አልብሶታል፤ ጤፉ አዘርዝሯል፤ በገቡበት ቤት ሁሉ እሸት አይታጣም። ከደምበጫ ተነሥቶ በጂጋና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ቡሬ የሚወርድ ተጓዥ፣ ይህች አገር ችግር የሚባል ነገር በደጇ አልፎ የማያውቅ ትመስለዋለች። ሠዓሊዎቻችን የሚሥሉት፣ የዘመን መለወጫ ዘፈኖቻችን የሚያሞግሱት፣ በየግድግዳው የሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የሚያሳየን ይህንኑ ወቅት ነው። እኔም በወጣትነቴ ስለ አደይ አበባ የጻፍኳቸውን ግጥሞች ቁጥር ባልናገር እመርጣለሁ።

በ1950ዎቹ ዓመታት የተቋቋመው የቱሪስት ድርጅት በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት አገራችንን «የ13 ወር ፀሐይ» ብሎ ለውጭ እንግዳ አስተዋወቃት። እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ፣ «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ፣ መጠሪያዋ ሆኖ ቆየ። በአማርኛ ግን ይኸው ቃል «የ13 ወር ጸጋ» እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ፀሐይና ጸጋ! ለባሕር ማዶው ጎብኚ ሁለቱ አንድ ሊሆኑ ይችሉ ይሆናል። ለቡሬ ገበሬ ግን 13 ወር ሙሉ ፀሐይ ብትወጣ ጸጋ ሳትሆን መቅሠፍት ናት። የርሱ ጸጋ ጎብኚው የሚሸሸው ጭቃ ነው። በርበሬው ከመደቡ ተነቅሎ ወደ ማሳው የሚዛወረው፣ ጤፉ የሚዘራው፣ ዳጉሳው የሚታረመው በዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። በጥቅምት የምናደንቀው ውበት የሐምሌ ድካም ደመወዝ መሆኑን የሚያውቅ ዐይን ግን ጥቂት ነው።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ የፔሩ ዋና ከተማ የሆነችውን ሊማን ለመጎብኘት የሚሻ ሰው፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ፀሐያማ ወራት እንዲሄድ ይመከራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማይዋ በጉምና በካፊያ የተጋረደ ስለሆነ ያስከፋል ይባላል። ነገር ግን ሊማ የቆመችው በምድረ በዳ ነው፤ በዙሪያዋ ያሉት ደረቅ ኮረብታዎች የሚለመልሙትና የሚያብቡት ያ የተጠላው ጉም በሚወርድባቸው ወራት ነው። ጎብኚው ጉሙን ሲሸሽ አበባውንም ይሸሻል።

ወደ ራሳችን ወንዝ እንመለስ። የግሪክና የሮማ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ያከራከራቸው ነገር ዓባይ በበጋቸው መካከል ለምን እንደሚሞላ ነበር። ምሥጢሩ የደጋችን ክረምት ነው። ይሁን እንጂ በምዕራብ ጎጃም፣ በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ከምንጩ አጠገብ ቆመው ለዓለም የጻፉትን እንግዶች ወራት ተመልከቱ። ፔድሮ ፓኤዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1618 የደረሰው በሚያዝያ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1770 የደረሰው በእኛ ጥቅምት መጨረሻ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ሁለቱም የዓባይን መነሻ አዩ፤ ዓባይን ዓባይ ያደረገው ዶፍ በዚያ ስፍራ ሲወርድ ግን ሁለቱም አልነበሩም። የሰከላ እረኛ ግን በየዓመቱ ገሣውን ደርቦ ያየዋል። መጽሐፍ አልጻፈም እንጂ።

«እኛስ ጎብኚዎች አይደለንም» የሚል አንባቢ ይኖራል። መምህሩ «እኔ ከሕዝቡ ጋር ነው የምኖረው» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ዐሥር ወር ይኖራል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ወደ ከተማ የሚመለሰው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለሥራ ግምገማ የሚወርደው ኃላፊ መኪናው እንዳትያዝ መንገዱ እስኪደርቅ ይጠብቃል። የእኛ የቴአትር ጓዶችማ በክረምት ዝግጅት ላይ እንጂ ጉዞ ላይ አይገኙም። ሮበርት ቼምበርስ የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር በ1983 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ፣ የገጠር ድህነት ከባለሙያዎች ዐይን ከሚሰወርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው መሆኑን ጽፏል፤ ባለሙያው የሚመጣው በደረቁ ወቅት፣ ከአዝመራ በኋላ፣ በአስፋልት ዳር ነውና። ጎተራው የሚራቆትባቸው፣ ሥራው የሚበረታባቸውና በሽታው የሚበዛባቸው ወራት ግን የዝናቡ ወራት ናቸው።

ይህን በሚገባ የተረዳሁ መስሎኝ፣ ከዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት፣ በሐምሌ አጋማሽ ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ከፍኖተ ሰላም ወጥቼ በድጡ ላይ ስንሸራተት ዋልኩና ሲመሽ ደረስኩ። አክስቴ ከበርበሬው ማሳ ገና መመለሳቸው ነበር። እግሬን አጠቡኝ፤ እሳት ዳር አስቀመጡኝ፤ እንጀራ በሽሮ ቀረበ፤ ቡና ተፈላ። በነጋታው የጎረቤት ልጅ ባዶ ቁና ሊወስድ መጣ። ማታ የበላሁት እንጀራ ዱቄቱ ብድር ነበር። ሳይታወቀኝ ወደ ጎተራው ተመለከትኩ፤ ታቹ ይታያል። ያን ቀን ማስታወሻዬን አውጥቼ ብዙ ጻፍኩ። እውነትን በእጄ የያዝኳት መሰለኝ።

ከዚያ ማስታወሻ አንድ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ወጣ። ባዶ ቁና በመድረኩ መካከል ተቀምጦ መጋረጃው ሲከፈት ተመልካቹ ዝም አለ፤ ሲዘጋ አጨበጨበ። ለሕክምና ከተማ መጥተው የነበሩትን አክስቴን ከፊት ወንበር አስቀምጫቸው ነበር። ሲያልቅ ምንም አልተናገሩም። ውጭ ስንወጣ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ ቤቴ በጥቅምት የለም ወይ? ባዶ ጎተራዬን ለሰው ሁሉ ከፍተህ አሳየህ። የሞላ ዕለት ግን አልመጣህም» አሉኝ።

መልስ አጣሁ፤ አሁንም በሚገባ ያገኘሁት አይመስለኝም። በእርግጥ ራሴን የምከላከልበት አለኝ። ጥቅምትን ብቻ የሚያሳይ ጥበብ ምን እንደሚያስከትል አይተናል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ሲያልቅ ጉዳዩ ተሸሸገ፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በፊልም እስኪያሳየው ድረስ ዓለም አላወቀውም ነበር። ባዶ ጎተራን ከፍቶ ማሳየት የነፍስ ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ያን ረኃብ የሸሸጉት በሥልጣን ላይ የነበሩት እንጂ ረኃብተኞቹ አልነበሩም። አክስቴ ለእንግዳ ዱቄት ተበድረው ጉድለታቸውን ሲሸፍኑ ክብራቸውን መጠበቃቸው ነው። ባለሥልጣን የሌላውን ጉድለት ሲሸፍን የሚጠብቀው የራሱን ወንበር ነው። እኔ በዚያ ተውኔት ሁለቱን አንድ አድርጌ ሁለቱንም በእኩል ገለጥኩ። ደግሞስ የማን ጥቅም ነበር? ጭብጨባው ለእኔ ነበር፤ ዱቄቱን የከፈሉት እርሳቸው ነበሩ። በክረምት መሄዴም ሌላ ዕዳ ጨመረባቸው እንጂ ሸክማቸውን አላቀለለም።

ወቅት ራሱ የማይለወጥ ነገር አለመሆኑም መረሳት የለበትም። በመራዊ አጠገብ በቆጋ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲያለማ የታቀደ ነው፤ በዚያ ሜዳ በበጋ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ይታያል። በዚያ ለሚኖር ሰው የልምላሜው ወር የቱ ነው? የቀን መቁጠሪያው ሠዓሊ ገና አልደረሰበትም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አክስቴን «እንግዲያው በየትኛው ወር ልምጣ?» ብዬ በቀጥታ ጠየቅኳቸው። ያን ጥያቄ ለባለቤቱ ሳላቀርብ ግማሽ ዕድሜዬን ማሳለፌ ያስገርመኛል። ጥቂት አሰቡና «ለመብላት ከሆነ በታኅሣሥ ና፤ ውቂያው አልቆ በርበሬው ተሰጥቶ ይደርስልሃል። ለመጻፍ ከሆነ ደስ ባለህ ጊዜ ና፤ ለሱ ወር የለውም። ለመርዳት ከሆነ ግን ነሐሴ ነው፤ አረም አለ» አሉኝ።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ልሄድ ቆርጬ ነበር። ጫማ ሳይቀር ገዛሁ። በዚያው ክረምት በክልላችን ግጭት ተቀሰቀሰ፤ ስሙ «የሰላም መንገድ» ማለት ወደሆነው ከተማ የሚያደርሰው መንገድም ተዘጋ። ከወራት በኋላ በስልክ ሳገኛቸው ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ጠየቅኩና በመጨረሻ አረሙን ማን እንዳረመላቸው ጠየቅኳቸው።

«ወንፈል ገባን» አሉኝ። «የኔን ተራ ስመልስ ነው የከረምኩት።»