መጠየቅ ውለታ መካድ አይደለም

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ከተወለዳችሁበት አገር፣ ከኢትዮጵያ፣ ወጥታችሁ በሌላ አገር፣ በሰው እጅ ላደጋችሁት ነው። «ማን ወለደኝ? ለምንስ ሰጡኝ?» ብሎ መጠየቅ ያሳደገን ሰው ውለታ መካድ አይደለም። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ሳታገኙ አድጋችሁ ከሆነ እኔ ልንገራችሁ።

የምኖረው ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ነው። ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ እኛ ዘንድ ስለሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ወደዚያ የሚሄደውም በጣሪያችን ላይ ያልፋል። አውሮፓና አሜሪካ ያደጉ፣ ለሥራ ወይም ለትምህርት ኬንያ የመጡ የእኛ ልጆች «ከዚህማ ሁለት ሰዓት ነው» ብለው ልባቸው ይነሳል። ከመሳፈራቸው በፊት ቤቴ ቡና የጠጡ አሉ። አንዷ ወረቀቶቿን በላስቲክ ማኅደር ይዛ መጣች። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከአገር ስትወጣ አራት ዓመቷ እንደነበረ፣ እናቷም እንደሞተች ይላል። እሷ ግን የወተት ጥርሷን ጣሪያ ላይ ወርውራ እናቷ ስትስቅ ታስታውሳለች። የአራት ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ጥርስ አይነቅልም። የእናቷን ነጠላ ጥለት በጣቷ ጠቅልላ ትተኛ እንደነበርም ነገረችኝ። ይህን ለሃያ ዓመት ለማንም አልተናገረችም፤ ያሳደገቻት እናት እንዳይከፋት።

አዋቂ ሰው የጉዲፈቻን ነገር ሲያወራ ከችግር ወደ ምቾት የተደረገ ጉዞ አድርጎ ነው። ልጅ የሚያየው ሌላ ነው። ወንድሙ ቀርቶ እሱ መሄዱን ያያል። በማያውቀው ቋንቋ የሚያባብለው፣ ጠረኑ እንግዳ የሆነ ሰው ሲያቅፈው ሁሉም እየሳቁ ፎቶ ሲያነሱ ያያል። አዋቂዎች ምክንያቱን ካልነገሩት ምክንያቱን ራሱ ይፈጥራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞራል፦ «አስቸግሬ ነው የሰጡኝ።» ከዚያ በየደረሰበት «እድለኛ ነህ» ይባላል። እድለኛ የተባለ ልጅ ማልቀስ ነውር ይመስለዋል። (ይህን የምለው ያሳደጉ እናቶችን ላሳቅቅ ብዬ አይደለም። ከብዙዎቹ ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ ልጁ ዝም ያለው ደስ ብሎት መስሏቸው የኖሩ ናቸው።)

እንግዲህ አጥፍታችሁ አለመሆኑን እንድታውቁ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ስሙ። በአገራችን የሌላ ሰው ልጅ ማሳደግ የቆየ ወግ ነው። በኦሮሞ ጉዲፈቻ፣ በአማራው የጡት ልጅ የሚባለው ሥርዓት ልጁን ለሌላ ቤት ይሰጣል፤ ከወለደው ቤት ግን ብዙውን ጊዜ አይቆርጠውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ትስስር እንደተጠበቀ ይቆያል ይላል። ወደ ውጭ የሄደው ልጅ የደረሰበት አገር ሕግ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞውን ዝምድና ቆርጦ አዲስ የሚተካ ነው። ገጠር ያለች እናት ጣቷን ቀለም ነክራ ስትፈርም የገባት የአገሯ ወግ ነበር፤ ተምሮ ይመለሳል፣ ይጠይቀኛል፣ ፎቶ ይላክልኛል ብላ ነው። መካከል የገባው ደላላ ይህን አሳቧን አላስተካከለላትም። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2 ሺህ 5 መቶ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕጻናት ሄደዋል፤ በዚያ ዓመት ከቻይና ቀጥሎ አሜሪካ ብዙ ልጅ የወሰደችው ከእኛ ነበር። ገንዘብ በገባበት ቦታ ዕድሜ ተቀነሰ፣ በሕይወት ያለ ወላጅ ሞቷል ተባለ። በመጨረሻ ፓርላማው ጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ዘጋው።

ስለዚህ እናታችሁን ከማግኘታችሁ በፊት አትፍረዱባት። አልወደደችኝም ከማለታችሁ በፊት ምን ተነግሯት እንደፈረመች ጠይቁ።

ገጣሚውን ለምን ሲሳይን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ፤ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር የነበረው። እናቱ እንግሊዝ አገር ለትምህርት ሄዳ ወለደችው፤ ለጊዜው እንዲያዝላት ሰጠችው፤ ባለሥልጣኖቹ ስሙን ኖርማን ብለው ቀየሩት። እ.ኤ.አ. በ1968 ልጄን መልሱልኝ ብላ ጻፈች፣ አልመለሱላትም። አሳዳጊዎቹ በ12 ዓመቱ ወደ ሕጻናት ማሳደጊያ ሰደዱት፤ ከዚያ ሲወጣ እውነተኛ ስሙንና የእናቱን ደብዳቤ አገኘ። እናቱን በ21 ዓመቱ ጋምቢያ ድረስ ሄዶ አገኛት። ስለ አስተዳደጉ የተያዘውን ፋይል ግን መጠየቅ አላቋረጠም፤ ሙሉውን የሰጡት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ልጅ ሆኖ ባደገበት ዓመት ሁሉ እናቱ እንዳልጣለችው በወረቀት ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ታሪክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ካሳሁን ጽጌ ተብሎ ተወለደ፤ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞታ ከእህቱ ጋር ስዊድን፣ ጎተንበርግ አደገ። አባታቸውም የለም ብለው ነበር የኖሩት፤ እህቱ ስትፈልግ በሕይወት ተገኘ። ማርከስ ስዊድናዊት አያቱን፣ ምግብ ያስለመደችውን፣ ዛሬም በፍቅር ያነሳታል። አባቱን ማግኘቱ ከእሷ ላይ ምንም አልቀነሰባትም።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ላሳደጓችሁ ንገሯቸው፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት። ወረቀቱን ሁሉ ለምኑ፦ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሴቶችና ሕጻናት ቢሮ ደብዳቤ፣ የማሳደጊያው ስም፣ ቀበሌ። የተጻፈውን እንደ ወንጌል አትመኑት፣ ውሸት ነው ብላችሁም አትጣሉት፤ ዕድሜው የተሳሳተ ወረቀት ላይ የቀበሌው ስም ትክክል ሊሆን ይችላል። ፈላጊና ተፈላጊን የሚያገናኘው «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባለው መዝገብ ላይ ተመዝገቡ፤ እዚያ ልጃቸውን የሚፈልጉ እናቶችም አሉ። ቤተሰብ ተገኘ ሲባል የዲኤንኤ ምርመራ አድርጉ። ይህ ማንንም መናቅ አይደለም፤ በሐዘን የሚነግድ ሰው ስላለ ነው። አስተርጓሚያችሁ የምታውቁት ሰው ይሁን እንጂ ደላላ አይሁን። በመጀመሪያው ቀን የገንዘብ ቃል አትግቡ፤ ቢጠይቋችሁም አትቀየሙ። በነሱ ወግ ውጭ ያደገ ልጅ ለቤቱ ይተርፋል ተብሎ ስለሚጠበቅ ነው እንጂ ሁሉም ስግብግብ ሆኖ አይደለም። አስባችሁበት፣ ከታላላቆች ተማክራችሁ፣ የምትችሉትን ቆይታችሁ ንገሯቸው። አገር ቤት ለቀረው ወንድማችሁ ደግሞ ታገሱ። እሱም ለምን እኔ ቀረሁ እያለ አድጓል።

እዚሁ ናይሮቢ፣ በአክስት ወይም በማያውቁት ደግ ሰው እጅ ከኢትዮጵያ መጥታችሁ የምታድጉትን አልረሳሁም። በፒፕላይንና በታሲያ ሰፈር ከጎረቤት ልጅ ጋር ሸንግ፣ የናይሮቢ ወጣቶችን ቅይጥ ቋንቋ፣ ስታወሩ ማን ከየት እንደመጣ አይለይም። ችግሩ የሚመጣው 18 ዓመት ሞልቷችሁ ጓደኞቻችሁ መታወቂያ ሲያወጡ ነው። ያሳደጋችሁ ሰው ኬንያዊ ከሆነና በፍርድ ቤት ጉዲፈቻ ከተፈጸመ እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 15 በማመልከቻ ዜጋ ሆናችሁ የመመዝገብ መብት ይሰጣችኋል። በቃል ብቻ «ልጄ ነው» ከሆነ ግን ይህ መብት የለም። ስለዚህ ልጅ ሳላችሁ፣ አፍራችሁ ሳትቀሩ፣ «ወረቀቴ እንዴት ነው?» በሉ። ይህም ጥያቄ ውለታ መካድ አይደለም።

ከሁሉ የከበደውን ልበል። ሐና ዓለሙ የምትባል የእኛ ልጅ ወደ አሜሪካ ተወስዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ አሳዳጊዎቿ አስርበዋት ብርድ ላይ ወጥታ ሞተች፤ በ2013 ተፈረደባቸው። ይህ የጥቂቶች ነው፣ አብዛኛው ቤት እንዲህ አይደለም። ነገር ግን የምታድጉበት ቤት የሚመታችሁ፣ ምግብ የሚከለክላችሁ ከሆነ ማንም የዋለላችሁ ውለታ ዝም አያሰኛችሁ። ኬንያ ውስጥ 116 ብላችሁ በነጻ ደውሉ፤ የሕጻናት መስመር ነው። ለአስተማሪ ንገሩ፣ ለጎረቤት ንገሩ። አንድ ሰው ባይሰማችሁ ለሁለተኛው ንገሩ።

ፈልጋችሁ ሳታገኙ የምትቀሩም አላችሁ፤ ማሳደጊያው ተዘግቶ፣ ፋይሉ ጠፍቶ። እንዲህ ያለው ሐዘን መርዶ የሌለው ስለሆነ ሰው አይረዳውም። ለናንተ የምላችሁ፣ የሚገባችሁ ነገር ሁሉ በዚያ ፋይል ውስጥ እንዳልነበረ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን የሚያስረዳ ሰነድ ካላችሁ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ አውጡ፤ ያለ ቪዛ መግባት፣ መኖር፣ መሥራት ያስችላችኋል። እንደናንተ ያደጉትን ፈልጉ፤ በጉዲፈቻ ያደጉ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ2022 ራሳቸው ጽፈው ያወጡት መድበል አለ፣ ስለነሱ ሌላ ሰው የጻፈው አይደለም። ቋንቋውንም ተማሩ። «ረስቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ አይገባኝም» የምትሉትን እ.ኤ.አ. በ2014 ሞንትሪያል የተደረገ ጥናት አይደግፈውም፤ ከቻይና በሕጻንነታቸው ተወስደው ፈረንሳይኛ ብቻ ሲናገሩ ያደጉ ልጃገረዶች፣ አንዲት የቻይንኛ ቃል ሳያውቁ፣ አንጎላቸው የቻይንኛን ድምፅ ቋንቋውን እንደሚናገር ሰው ይቀበለው ነበር። እኔ ፊደል በማስቆጥርበት ከስድስት ዓመት ሕጻናት ጎን ተቀምጠው ሀ ሁ የቆጠሩ ባለ ዲግሪ ወጣቶች አሉ። ሕጻናቱ ያርሟቸዋል፤ እነሱም አይከፋቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት ኢምባካሲ ካላችሁ ኑ፣ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ።