የቤት ዋጋ

በአዲስ አበባ መካከል አንዲት ክፍል ተከራይቶ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው፥ በዚያው ኪራይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዳር በቱሉ ዲምቱ ወይም በኮዬ ፈጬ ሰፋ ያለ ቤት እንደሚገኝ በሰማ ጊዜ ልቡ ወደዚያ ያዘነብላል። ይህም የሚነቀፍ አይደለም፤ በጠባብ ክፍል የአከራይ ፊት እያዩ መኖር የልጅንም አንገት ያስደፋልና። ነገር ግን የዋጋው እኩሌታ በውሉ ላይ አልተጻፈም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል እንጂ ወደነዚያ ሰፈሮች አይዘልቅም፤ ስለዚህ መንገደኛው አውቶቡስና ታክሲ ሲጠብቅ ይነጋበታል፥ ይመሽበታልም። ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፥ ለመመለስም እንደዚሁ ቢፈጅበት፥ በሳምንት 5 ቀን በዓመት 48 ሳምንት ሲሠራ 720 ሰዓት ይኾናል፤ ይኸውም ሌሊቱ ሳይቀር ሙሉ 30 ቀን ነው። ዝናብ ሲጥልና ሰልፉ ሲረዝም የሚጨመረው ገና አልተቈጠረም።

እንግዲህ አባት «ለልጆቼ ስል» ብሎ ቤት ሲይዝ፥ የሚከፍለው ከራሱ ነውን ወይስ ከልጆቹ? ተኝተው ትቷቸው ወጥቶ ተኝተው የሚያገኛቸው ልጆች ስለዚህ ክፍያ ማንም አልጠየቃቸውም። ሚስቱም ሠራተኛ ከኾነች፥ ያንኑ መንገድ ሄዳ ተመልሳ እሳት የምታያይዝ እርሷ ናትና፥ ቃሏ ከእርሱ ቃል ሊቀድም ይገባል። ብዙዎች ግን ሰፈሩን በእሑድ፥ መንገዱ ጭር ብሎ አየሩም ንጹሕ ሲኾን፥ አይተው ይዋዋላሉ። ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከዚያ ተነሥተው ሥራ ውለው ማታ ቢመለሱ፥ ባልና ሚስቱ በራት ጊዜ የሚነጋገሩት ሌላ ሊኾን ይችላል።