ሞቆ የቆየ ሞተር



አንድ ወጣት ጣና ላይ ሊሠራበት አሮጌ የሞተር ጀልባ ሊገዛ ሄደ እንበል። ሻጩ የማስነሻ ገመዱን አንዴ ሲስበው ሞተሩ ተነሣ። ልጁ ከፈለ። በማግስቱ ጠዋት ግን ቢስበው ቢስበው እምቢ አለ። ለካ ሻጩ ልጁ ሳይደርስ ሞተሩን አሙቆት ኖሯል።

ሻጩ «አልዋሸሁም፤ አይቶ፣ ሞክሮ ነው የገዛው» ይላል። እውነት ነው፣ ምላሱ አልዋሸም። ልጁ ያየው ግን ሻጩ እንዲያይ የፈለገውን ብቻ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሲያስገቡ ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ። ዝናቡ የሰውየው ጥፋት አልነበረም፤ መሸፈኑ እንጂ።

ሞተርም ማርጀቱ ነውር አይደለም። በቆየ ቤንዚን የተደፈነ ካርቡረተር ይታጠባል፤ ያለቀ የውሃ ፓምፕ ጎማ ይቀየራል። የተደበቀ ችግር ግን ሰው የጫነ ጀልባን ሐይቅ መሀል ሊያስቆም ይችላል። ሸሪዓችንም የተደበቀ ጉድለት ላገኘ ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት ሰጥቶታል።

ነገ ስልካችሁን ስትሸጡ ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ፣ ገዢው ሳይጠይቅ ንገሩት። ዋጋው ይቀንስ ይሆናል፤ በረካው ግን ከእናንተ ጋር ነው።

አላህ ሐላል ሪዝቅ ይስጠን። ጁምዓ ሙባረክ!