ከጋዜጣ ወደ መድረክ

ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ጸሐፌ ተውኔት ሲሆን ብዙዎች «ከእውነት ወደ ፈጠራ ተሻገረ» ይሉታል። አነጋገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ ከባድ ጥያቄ ያዘለ ነው። ይኸውም፥ ሰውዬው በጋዜጣ ሳለ ለእውነት የነበረበት ዕዳ ወደ መድረክ ሲወጣ ይሠረዝለታልን? የሚል ነው።

ለዚህ ብርሃኑ ዘርይሁንን ማሰብ ይጠቅማል። ጎንደር ተወልዶ፥ በአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ፥ የ«የዛሬይቱ ኢትዮጵያ»ና የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጦች አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። ዐረፍተ ነገሩ አጭርና ጥርት ያለ መሆኑ ከጋዜጣ ቤት የተገኘ ልማድ ይመስለኛል። በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን አሳተመ፤ ኋላም «ሞረሽ»ንና «ጣጠኛው ተዋናይ»ን ለመድረክ ጻፈ። «ማዕበል» በተባለው ልብ ወለዱም የወሎን ረኃብ አነሣ።

ይህ ረኃብ ነው ነገሩን የሚያከብደው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሕዝቡ ሲያልቅ ጋዜጦቻችን በመንግሥት እጅ ስለ ነበሩ የሚገባውን ያህል አልጻፉም። ለዓለም የገለጠው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም ነው። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በእኛ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን፥ የደርግ ሰዎች በረኃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚታዩበትን ሥዕል አስገብተውበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ አስተውል። ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ እውነት ናቸው፤ ውሻውም ሕፃኑም ነበሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው እጅ ግን የጸሐፌ ተውኔትን ሥራ ሠርቷል። ረኃቡ በእርግጥ ተሸሽጎ ነበርና ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። ሆኖም ተመልካቹ ዜና አያለሁ ብሎ ተቀምጦ ተውኔት አየ፤ ይህንንም የነገረው የለም። ብርሃኑ «ልብ ወለድ ነው» ብሎ ለአንባቢው ማቅረቡ በዚህ ረገድ የበለጠ ታማኝነት ነው። ዘግይቶ የመጣ መጽሐፍ ለሞቱት እንጀራ አይሆንም፤ ይህ ግን የደራሲው ጥፋት አይደለም።

ነገሩን የማነሣው በእኛም በአዊ ምድር ከዜና ወደ ቴአትርና ወደ ፊልም ጽሑፍ የሚያዘነብሉ ወጣቶች ስላሉ ነው። በእንጅባራ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር፥ ጋዜጠኛው ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. መመሥረቱንና የዓድዋን ፈረሶች ውለታ መዘከሩን ይጽፋል። ጸሐፌ ተውኔቱ ግን አንድ ፈረሰኛ ይመርጣል፤ ቤቱን፥ ቂሙን፥ ከወንድሙ ጋር ያለውን የመሬት ክርክር ያያል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ዳንግላ ወይም እንጅባራ አዲስ አበባ አይደለም። ስም ቢለወጥ፥ ቀበሌ ቢለወጥ፥ ገና መጋረጃው ሲገለጥ የማን ቤት እንደ ሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

በጋዜጣ የተነቀፈ ሰው በሚቀጥለው እትም መልስ ሊጽፍ ይችላል። በመድረክ የተነቀፈ ሰው ግን ከወንበሩ ተነሥቶ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ቢል ይሳቅበታል፤ እንዲያውም «ለካስ እርሱ ነው!» ይባላል። ስለዚህ ዕዳው አልቀለለም፥ ከብዷል እላለሁ። ከጋዜጣ ቤት የመጣ ሰው ቀኑንና ቁጥሩን ይተው፤ የሌላውን ወገን ቃል ሄዶ የመስማት ልማዱን ግን ይዞ ይምጣ። አንዳንዶች ይህ የደራሲን እጅ ማሰር ነው ይሉኛል። ይሁን። ያ ወንድም ግን ከልጆቹ ጋር አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል።