«አብሰርድ» የሚለው ቃልና ፍርዱ

«አብሰርድ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር ሲወረወር ከስድብ ብዙም አይርቅም። የአንድ ሰው አሳብ «አብሰርድ ነው» ከተባለ፣ ነገሩ መልስ እንኳ አያሻውም ማለት ነው። የሎጂክ ሊቃውንትም ቢሆኑ ቃሉን በፍርድ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል፤ አንድን ግምት ተከትለው ሄደው እርስ በርሱ ከሚጋጭ መደምደሚያ ላይ ሲደርሱ ግምቱን ውድቅ ያደርጉታል። የእነርሱስ ይሁን፤ ቢያንስ መንገዱን እስከ መጨረሻው ተጉዘዋል። በአደባባይ ቃሉን የሚወረውረው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመደም።

የቃሉ ጥንተ ነገር ከድምፅ ጋር የተያያዘ ነው። በላቲን «አብሱርዱስ» ከስልት የወጣ፣ ለጆሮ የማይጥም ማለት ነበር። የክራር አንዲት አውታር ለብቻዋ ስትመታ ስልት ሳተች አይባልም፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ከሌሎቹ አውታሮች ጋር ስትሰማ ነው። ታዲያ «አብሰርድ» ብሎ የሚፈርደው ሰው ከየትኛው አውታር ወገን ቆሞ ነው? አልበር ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው «የሲሲፎስ አፈ ታሪክ» ነገሩን ከሰውም ከዓለምም ለብቻ አላገኘውም፤ ትርጉም በሚሻው ሰውና መልስ በማይሰጠው ዓለም መካከል እንጂ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ እርሱም አይኖርም። ስለዚህም በአማርኛ «ወለፈንድ» የሚሉት «ትርጉም የለሽ» ከሚሉት የተሻለ መርጠዋል፤ ከሌላ ነገር ጋር ሳይገናኝ ለብቻው ወለፈንድ የሚሆን ነገር የለምና።

ማርቲን ኤስሊን እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው መጽሐፍ ቃሉን የአንድ የተውኔት ፈለግ መጠሪያ ሲያደርገው፣ የጀመረው ከፈላስፎች ሳይሆን ከወህኒ ቤት ነው። የሳሙኤል ቤኬት «ጎዶን በመጠበቅ» እ.ኤ.አ. በ1957 በካሊፎርኒያው የሳን ክዌንቲን ወህኒ ቤት በ1,400 ያህል እስረኞች ፊት ቀረበ። ለመመረጡ አንዱ ምክንያት፣ የሚያስገርም ቢሆንም፣ ሴት ተዋናይ የሌለበት መሆኑ ነበር። በሌላ ሥፍራ የተማረ ተመልካች ግራ የተጋባበትን ተውኔት እስረኞቹ በጽሞና ተከታተሉት፤ የማይመጣን ሰው መጠበቅ ምን እንደሆነ የሚያስረዳቸው አላስፈለጋቸውም። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ሪክ ክለቺ ከክፍሉ መውጣት ስላልተፈቀደለት ተውኔቱን በድምፅ ማጉያ ብቻ ሰማው። ቆይቶ በዚያው ወህኒ ቤት የተውኔት ቡድን አቋቋመ፤ ከተፈታም በኋላ በቤኬት አዘጋጅነት በመድረክ ላይ ተጫወተ።