ዝምተኞቹ

በቴክሳስ፣ በፕሌኖ ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አንድ እድር ነበራቸው። ድንኳን የለው፣ ጡሩምባ ነፊ የለው፤ ያለው አንድ የዋትስአፕ ግሩፕ ነው። የሞተና የተወለደ፣ ከአገር ቤት የመጣ፣ ሥራ ያጣም ሰው የሚሰማው በዚያ ነው። የእድሩ ዳኛ አዛውንት ስለሆኑ ጸሐፊዋን አድሚን አድርገዋታል። እሷ ነርስ ናት። ማታ ከሥራ ስትገባ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ የዕለቱን ታነባለች።

እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ ግሩፑ ሞላ። ዋትስአፕ በዚያን ጊዜ ከ256 ሰው በላይ አያስገባም። ወረርሽኙ ደጅ ዘግቶ ለቅሶ እንኳ በስልክ የሚደረስበት ዘመን ነውና፣ በር ላይ የቆመው ብዙ ነበር።

አንድ አንደበተ ርቱዕ አባል ሐሳብ አመጣ። “ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቃል ያልጻፈ ሰው ምኑን አባል ሆነ? ዝምተኞቹ ሪሙቭ ይደረጉና ለሚሳተፍ ሰው ቦታ ይልቀቁ።” የአውራ ጣት ምልክት ዘነበለት። ዳኛው ጸሐፊዋን “ልጄ፣ አንቺ እንዳየሽ አድርጊ” አሏት።

ዝርዝሩን አወጣች። ዝምተኞቹ አርባ ያህል ናቸው። የመጀመሪያውን ስም ነክታ ማስወጫው ብቅ ሲል ጣቷን ሰበሰበች። ሰውየውን አታውቀውም። “አንድ ወር ስጡኝ” ብላ ጻፈችና መደወል ጀመረች።

የመጀመሪያው ሰው ዲኤፍደብሊው አየር ማረፊያ ጭነት ሲያወርድ የሚያድር ነው። “እህቴ፣ እኔ ስነቃ ወሬው ሁሉ አልፎ ነው የማገኘው። ‘ነፍስ ይማር’ ልበል ስል ቀብሩ አልቋል” አላት። አንዲት እናት ልጃቸውን ሊያርሱ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ የድምፅ መልእክት ሲመጣ ግን ደጋግመው ይሰማሉ። “የአገሬን ሰው የምሰማው በእሱ ብቻ ነው፤ እንዳታስወጪኝ” አሉ። አንዲት ወጣት ደግሞ አንድ ጊዜ አማርኛ ተሳስታ ጽፋ ተስቆባታል፤ ከዚያ ወዲህ እጇን ሰብስባለች። ሚስታቸውን የቀበሩ አንድ አባት ስልኩን ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ። “ሁሉንም አነባለሁ” አሉ። “ሁሉም ተብሏል፤ ምን ልጨምርበት?”

ለእያንዳንዱ የመጨረሻው ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ ሰው ቢቸገር ከእርስዎ ምን ልለምን? መልሱን በደብተር አሰፈረች። ፒክአፕ አለኝ። ምድጃዬ የጋዝ ነው። አባትየው ያሉት ደግሞ ይህን ነው፦ “ፋየርፕሌስ አለኝ፣ እንጨትም ሞልቷል። የጠፋው የሚሞቀው ሰው ነው።”

ወሩ ሲያልቅ አንድም ዝምተኛ አልወጣም። “ከባልና ሚስት አንዱ ይበቃል፤ አንድ ሰውም በሁለት ስልክ አይገባም” ብላ ደነገገችና በቅድሚያ የራሷን ባል አስወጣች። በር ላይ ላሉት ቦታ ተገኘ። አንደበተ ርቱዑ ሁለተኛ ስልኩም ሚስቱም ወጡበትና ቅር አለው።

በፌብሩዋሪ 2021 ከባድ ብርድ መጣ። በ15ኛው ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ የቴክሳስ የኤሌክትሪክ መረብ ጨርሶ እንዳይወድቅ ሲባል መብራት በፈረቃ መቆረጥ ጀመረ። ለብዙ ቤት ግን ፈረቃው ፈረቃ አልሆነም፤ እንደጠፋ ቀረ። ከአራት ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለሙ። በማግስቱ ጠዋት በአየር ማረፊያው የተለካው ብርድ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። ማሞቂያው በጋዝ የሆነ ቤት እንኳ ሙቀቱን የሚነፋው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ቀዘቀዘ። ቧንቧ ፈነዳ።

ግሩፑ በቪዲዮና በ“ምን ይሻላል?” ተጥለቀለቀ፤ የስልኩ ባትሪ በዚያው እያለቀ ሄደ። በመሐል ጽፎ የማያውቅ አንድ ሰው ጻፈ። የአየር ማረፊያው ነው። “ከሰል ቤት ውስጥ እንዳታቀጣጥሉ። መኪናም ጋራዥ ውስጥ እንዳታስነሱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ።” የቡና ከሰሉን አዘጋጅቶ ክብሪት ይፈልግ የነበረ ስንት ቤት እንደነበረ እግዜር ይወቀው። እናትየው በድምፅ ተከተሉት፦ “ሕፃናቱን ገላችሁ ላይ አድርጋችሁ በጋቢ ጠቅልሏቸው።”

ጸሐፊዋ ደብተሯን ገልጣ ቤቶቹን ማገናኘት ያዘች። ፒክአፕ ያለው በበረዶው ላይ እያዘገመ አራሶችንና አሮጊቶችን አመላለሰ። አማርኛዋ የተሳቀበት ወጣት በጋዝ ምድጃዋ ሾርባ አፍልታ በቴርሞስ ላከች። ለአንደበተ ርቱዑ የደረሰው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለ ቤት ነው። ስድስት ዓመት እዚያው ሰፈር ሲኖር ያን ደጅ አያውቀውም። ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ሚስቱን አስከትሎ በእግሩ ሄደ።

አባትየው በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ትንሿን ነው። በስሟ ጠሯት። “ቅዳሜ ሰባት ዓመትሽን ትደፍኛለሽ አይደል? አምና ኬክሽ ላይ ቢራቢሮ ነበረበት” አሏት።

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞር ብላ አየችው። የልደቷን ፎቶ በየዓመቱ ግሩፑ ላይ የሚለጥፈው እሱ ነው። አባትየው እንጨት ሊጨምሩ ጎንበስ አሉ፤ እሱም ሄዶ ያዘላቸው።

በ2022 ዋትስአፕ የግሩፑን ጣሪያ ወደ 512 ከፍ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ወደ 1024። አንድ ሰው “በሩ ሰፋ፤ እንግዲህ ሁሉም ይግባ!” ብሎ ጻፈ። የአውራ ጣት ምልክቱ እንደ ድሮው መዝነብ ጀመረ።

አንደበተ ርቱዑ መለሰ፦ “ይግቡ። ግን ስልካቸውን በቅድሚያ ለእኔ ላኩልኝ፤ እደውልላቸዋለሁ።”